የመረጃ ማከማቻ መሣሪያዎች የእንቅልፍ ደረጃና የድራይቨር ጸሐፊው ኃላፊነት

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ኮምፒዩተር ሥራ ከሚሠራበት ጊዜ ይልቅ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥበት ጊዜ እጅግ እንደሚበልጥ የታወቀ ነው። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ አንዱን ቁጥር አስገብቶ ሁለተኛውን ከመዝገቡ ላይ እስኪፈልግ ድረስ የሚያልፉት ሦስትና አራት ሰከንዶች ለሰው እንደ ዐይን ጥቅሻ ቢቆጠሩም፣ በሚሊዮንኛ ሰከንድ ለሚሠራው የመረጃ ማከማቻ መሣሪያ ግን እንደ ዓመት የሚረዝሙ ናቸው። በዚህ ጊዜ ውስጥ መሣሪያው ነቅቶ ትእዛዝ ይጠብቅ ወይስ ይተኛ? ቢተኛስ እንቅልፉ ሸለብታ ይሁን ወይስ ከባድ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የኮምፒዩተሩ ባለቤት አይደለም፤ ባለቤቱ ጥያቄው መኖሩንም አያውቅም።

መልሱን የሚሰጠው ድራይቨር የሚባለው፣ በሥርዓተ ክወናውና በመሣሪያው መካከል እንደ አስተርጓሚ የሚቆመው ፕሮግራም ነው። ይበልጥ በትክክል ለመናገር ደግሞ መልሱን የሚሰጠው ያንን ፕሮግራም የጻፈው መሐንዲስ ነው። እርሱም የሚወስነው መሣሪያውንም ሆነ ተጠቃሚውን ሳያይ፣ ምናልባትም ከዓመታት በፊት በጻፈው አንድ ቁጥር አማካይነት ነው። የመጠበቂያው ጊዜ ከልክ በላይ ቢረዝም ባትሪ ያለጊዜው ያልቃል፤ ከልክ በላይ ቢያጥር ዲስክ ያለጊዜው ያረጃል፤ እንቅልፉ ከልክ በላይ ቢከብድ ደግሞ የሰው ጽሑፍ፣ የሰው ሒሳብ፣ የሰው ፎቶግራፍ ሊጠፋ ይችላል። የዚህ ንግግር ርእስ ይኸው ቁጥር እንዴት እንደሚመረጥና በምርጫው ስሕተት ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ነው። በሚከተለው የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማመልከት ይገባል።

ከጥንታዊው፣ ማለትም ከሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ መጀመር ይሻላል፤ በእርሱ ላይ እንቅልፍ በጆሮ የሚሰማ ነገር ነውና። ደንቡ ለዚህ ዓይነቱ ዲስክ አራት ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ እነርሱም በሥራ ላይ መሆን፣ ሥራ ፈትቶ መሽከርከር፣ መሽከርከሩን አቁሞ ትእዛዝ መጠበቅ፣ በመጨረሻም ትእዛዝ እንኳ የማይሰማበትና እንደ አዲስ ካልተቀሰቀሰ የማይነቃበት እንቅልፍ ናቸው። ድራይቨሩ ዲስኩን “ይህን ያህል ጊዜ ሥራ ከፈታህ ቁም” ብሎ ለማዘዝ ከ1 እስከ 255 ባለው ቁጥር ይጠቀማል። የቁጥሮቹ አተረጓጎም ግን የሚያስገርም ነው። ከ1 እስከ 240 ያሉት እያንዳንዳቸው 5 ሰከንድ ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ 240 ማለት 20 ደቂቃ ነው። ከ241 እስከ 251 ያሉት በግማሽ ሰዓት ይቆጠራሉ፤ 241 ማለት 30 ደቂቃ፣ 251 ማለት 5 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከዚያ 252 ተመልሶ 21 ደቂቃ፣ 255 ደግሞ 21 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ነው። ቁጥር በጨመረ መጠን ጊዜውም የሚጨምር መስሎት 255ን የመረጠ ሰው፣ ዲስኩ ሌሊቱን እንዲነቃ ፈልጎ በየ21 ደቂቃው ሲተኛ ያገኘዋል። ለኮሚቴ የተተወ ሥራ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራል።

የጊዜውን ልክ ለመምረጥ ግን የተሻለ መሠረት አለ። ለምሳሌ ያህል አንድ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ሥራ ፈትቶ ሲሽከረከር 5 ዋት፣ ቆሞ ሲጠብቅ 1 ዋት ይፈጃል እንበል። ከቆመበት ተነሥቶ ሙሉ ፍጥነቱን እስኪያገኝ ድረስ 10 ሰከንድ ቢወስድበትና በዚያ ጊዜ ውስጥ በአማካይ 20 ዋት ቢስብ፣ አንዱ መነሣት 200 ጁል ይፈጃል ማለት ነው። ሳይተኛ ቢቆይ ኖሮ በእነዚያ 10 ሰከንዶች የሚፈጀው 50 ጁል ብቻ በሆነ ነበር። እንግዲህ የመቀስቀሱ ትርፍ ወጪ 150 ጁል ነው። እንቅልፉ በሰከንድ 4 ጁል ስለሚያተርፍ ይህን ዕዳ ለመክፈል 37.5 ሰከንድ ያስፈልጋል። ከዚያ ላነሰ ጊዜ የተኛ ዲስክ ኃይል አላተረፈም፤ እንዲያውም አክስሯል።

ችግሩ ቀጣዩ ትእዛዝ መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ይህ በአንድ ከተማ ምን ያህል ጊዜ እንደሚኖር ሳያውቅ ቤት ይከራይ ወይስ ይግዛ የሚል ሰው ከሚገጥመው ጭንቅ ጋር አንድ ነው። የተከራየበት ገንዘብ የቤቱን ዋጋ እስኪያህል ድረስ ተከራይቶ፣ ከዚያ በኋላ ቢገዛ፣ ወጪው መጪውን ሁሉ ከሚያውቅ ነቢይ ወጪ ሁለት እጥፍ እንደማይበልጥ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። በዲስኩም ላይ እንዲሁ ነው፤ 37.5 ሰከንድ ሥራ ፈትቶ ከጠበቀ በኋላ ቢተኛ፣ ትእዛዙ በየትኛውም ሰዓት ቢመጣ የሚያጋጥመው ትርፍ ወጪ ከተገቢው ሁለት እጥፍ አያልፍም። ይህ ግልጽ የሆነ ሕግ ነው፤ ይሁን እንጂ ጁልን ብቻ ስለሚቆጥር ዲስክ እንደ ብረት ሁሉ የሚያልቅ መሆኑን ይረሳል።

ይህ መርሳት ያስከተለው ነገር በ2007 መጨረሻ ግድም ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት በሚጠቀሙ ሰዎች ዘንድ በግልጽ ታየ። የላፕቶፕ ዲስኮች ለጥቂት ሰከንዶች ሥራ ሲፈቱ የማንበቢያ ጭንቅላታቸውን ከሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ አንሥተው በጎን ባለው ማረፊያ ላይ ያሳርፋሉ፤ ይህም ኃይል ከመቆጠቡ በላይ ላፕቶፑ ቢወድቅ ሰሌዳው እንዳይቧጠጥ ይረዳል። አምራቾቹ ይህ መነሣትና ማረፍ ለ600,000 ጊዜ ያህል እንደሚችል ይገልጹ ነበር። በሌላ በኩል በዘመኑ በሊኑክስ ላይ የተለመደው ኤክስት3 የተባለው የፋይል አደራጅ፣ የሚጻፍ ነገር ካለ በየ5 ሰከንዱ ወደ ዲስኩ ይጽፍ ነበር፤ አንድ ፋይል መነበቡን ብቻ ለመመዝገብ እንኳ ይጻፋል። ዲስኩ ጭንቅላቱን ያሳርፋል፤ ወዲያው ይቀሰቀሳል፤ ደግሞ ያሳርፋል። በየ30 ሰከንዱ አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን በሰዓት 120 ጊዜ ይመጣል፤ 600,000ው በ5,000 ሰዓት፣ ማለትም ቀንና ሌሊት በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ ከ7 ወር ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

ጥፋተኛው ማን ነበር? አምራቹ የመረጠው ደረጃ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። በየ5 ሰከንዱ መጻፍም መብራት ሲጠፋ የሚጠፋውን ሥራ ለመቀነስ የታሰበ በጎ ሐሳብ ነው። ድራይቨሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአምራቹን ቁጥር ሳይነካ እንደነበረ ይተወዋል። ሦስቱም ለየብቻቸው ትክክል ሆነው በአንድነት ዲስክ ይገድላሉ። መፍትሔውም ከሁለት በኩል መጣ። አንደኛው የቁጠባ ደረጃውን ከፍ ማድረግ ነው፤ ከ1 እስከ 254 በሚደርሰው መለኪያ እስከ 127 ያሉት ዲስኩ መሽከርከሩን እንዲያቆም ሲፈቅዱ፣ ከ128 ጀምሮ ያሉት ይህን አይፈቅዱም፤ 254 ከሁሉ የነቃው ነው። ሁለተኛው መጻፉን መቀነስና ማጠራቀም ነው። ለዚህ የሚረዳው፣ ጽሑፎችን አከማችቶ ዲስኩ በነቃበት ጊዜ በአንድነት የሚያወርደው የላፕቶፕ ዘዴ ከ2004 ጀምሮ በሊኑክስ ውስጥ ነበር፤ የንባብ ሰዓትን በተነበበ ቁጥር መመዝገብም በ2009 ከተለመደው አሠራር ወጣ። ከሁለቱ መንገዶች ሁለተኛው የበለጠ መሠረታዊ ነው፤ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው መኝታ ቤቱን ከመቀየሩ በፊት የሚቀሰቅሰውን ጫጫታ ቢያስወግድ ይሻለዋልና።

የሚሽከረከር አካል የሌለው ኤስኤስዲ ሲመጣ ይህ ሁሉ ያበቃ መስሎ ነበር። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከዲስኩ ወደ መገናኛው መስመር ተዛወረ። ሳታ የሚባለው መስመር የሚላክ መረጃ ባይኖርም እንኳ ሁለቱ ወገኖች ተናበው እንዲቆዩ ምልክት ያለማቋረጥ ይመላለስበታል፤ ይህም ኃይል ይፈጃል። ስለዚህ ደንቡ ለመስመሩ ሁለት የእንቅልፍ ዓይነቶችን ፈቀደ። አንደኛው ፓርሻል የሚባለው ሸለብታ ሲሆን ለመንቃት ከ10 ማይክሮ ሰከንድ በላይ አይወስድም፤ ሁለተኛው ስላምበር የሚባለው ከባድ እንቅልፍ ሲሆን እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም የመጀመሪያውን አንድ ሺህ እጥፍ ሊወስድ ይችላል። ወደ እንቅልፍ መግባቱን ኮምፒዩተሩ ሊያዝ ይችላል፤ ዲስኩም ራሱ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ልዩነት ጥቃቅን ቢመስልም ቀጥሎ እንደሚታየው ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነው።

በ2008 መጀመሪያ የወጣው የሊኑክስ 2.6.24 እትም ለዚህ መስመር ሦስት ደረጃዎችን አቀረበ። ማክስ ፐርፎርማንስ የተባለው መስመሩን አያስተኛም። ሚድየም ፓወር የተባለው በኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ወደ ሸለብታ ብቻ ያስገባዋል። ሚን ፓወር የተባለው በኮምፒዩተሩ ትእዛዝ በቀጥታ ወደ ከባድ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሦስተኛው ብዙ ኃይል እንደሚቆጥብ ግልጽ ነበር፤ ነገር ግን በአንዳንድ ዲስኮች ላይ ኮምፒዩተሩን እንደሚያቆም፣ አልፎ አልፎም የተጻፈውን መረጃ እንደሚያበላሽ ከተጠቃሚዎች ተነገረ። ከዚህም የተነሣ መነሻው ደረጃ ማክስ ፐርፎርማንስ ሆኖ ለአሥር ዓመት ያህል ቆየ። ቁጠባውን የሚፈልግ ሰው በራሱ ኃላፊነት ይቀይር ተባለ። ጥያቄው መኖሩን የማያውቀው ብዙኃኑ ተጠቃሚ ግን ባትሪውን በየቀኑ ይከፍል ነበር።

በ2013 የሐዝዌል ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ሲወጡ ክፍያው ከበደ። በእነዚህ ላይ ፕሮሰሰሩ ከነአካባቢው ወደ ጥልቅ እንቅልፍ የሚገባው የሳታው መስመር ሲተኛ ብቻ ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ ሳይተኛ ፋኖሱ እንደማይጠፋ ሁሉ፣ አንድ የነቃ መስመር መላውን ኮምፒዩተር ነቅቶ እንዲያድር ያስገድደዋል። ልዩነቱም ሥራ በፈታ ላፕቶፕ ላይ ከ1 እስከ 1.5 ዋት ይደርስ ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ባትሪው 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ላፕቶፕ ይወሰድ። 7.5 ዋት ቢፈጅ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይቆያል፤ ወደ 6 ዋት ቢወርድ ደግሞ 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። የ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ልዩነት ማለት መብራት በጠፋበት ከሰዓት በኋላ አንድ መምህር የፈተና ውጤቱን መዝግቦ በመጨረስና ባለመጨረስ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

እንግዲህ በአንድ በኩል የብዙኃን ባትሪ፣ በሌላ በኩል የጥቂቶች መረጃ ቆሞ ነበር። መፍትሔው የተገኘው አዲስ ነገር በመፍጠር አልነበረም። በ2015 ማቲው ጋረት የተባለው የሊኑክስ ባለሙያ፣ የኢንቴል የዊንዶውስ ድራይቨር በምን መነሻ ደረጃ እንደሚሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ አግኝቶ ሊኑክስን ከእርሱ ጋር ለማስተካከል ሞከረ፤ ለውጡ ግን ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሃንስ ደ ጉደ የተባለው ሌላው ባለሙያ ነገሩን እንደገና አነሣው። ጋረት የነበረውን ደረጃ ለመለወጥ ሲሞክር፣ ደ ጉደ ግን ነባሮቹን ሳይነካ አዲስ አራተኛ ደረጃ ጨመረ፤ በዚህም ማንም የለመደውን አላጣም። ይህ ሜድ ፓወር ዊዝ ዲፕም የተባለው ደረጃ በጥር 2018 በ4.15 እትም ወጣ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት በወጣው ፌዶራ 28 ላይም ለላፕቶፖች መነሻ ደረጃ ሆነ። ለዴስክቶፕና ለሰርቨር ግን መነሻው አልተቀየረም።

የአዲሱ ደረጃ ነገረ ሥራ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሩ በራሱ ትእዛዝ መስመሩን ወደ ሸለብታ ብቻ ያስገባል፤ ከባድ እንቅልፍ የሚተኛው ግን ዲስኩ ራሱ ሲጠይቅ ነው። ሚን ፓወር ዲስኩን ሳያንቀላፋ ያስተኛዋል፤ ይህ ደግሞ ዲስኩ እስኪያንቀላፋ ይጠብቀዋል። ሆኖም የተሳካበት ዋናው ምክንያት ይህ ብቻ አይደለም። ዋናው ምክንያት አብዛኞቹ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ በዚሁ ደረጃ የተፈተኑ መሆናቸው ነው። ደንቡ ሁሉንም ደረጃዎች ይፈቅዳል፤ ፋብሪካው ግን የሚፈትነው ገዢው የሚጠቀምበትን ብቻ ነው። ስለዚህ መሣሪያ የሚታመነው በደንብ መጽሐፉ ላይ በተጻፈው ሁሉ ሳይሆን በተረገጠው ጎዳና ላይ ብቻ ነው። መንገዱ በካርታ ላይ መኖሩ ድልድዩ መሠራቱን አያረጋግጥምና። ደንብ አክብሮ የጻፈ የድራይቨር ጸሐፊ ይህ ኢፍትሐዊ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን መረጃው የጠፋበትን ሰው “ጥፋቱ የዲስኩ ነው” ብሎ ማጽናናት አይቻልም።

ኤንቪኤምኢ የሚባለው አዲሱ የማከማቻ ደንብ ይህን ሁሉ በሥርዓት ለማስያዝ ሞክሯል። በዚህ ደንብ መሣሪያው ስለ ራሱ ሰንጠረዥ ያቀርባል። እስከ 32 የሚደርሱ ደረጃዎች ሊኖሩት ይችላሉ፤ ለእያንዳንዱም የሚፈጀውን ከፍተኛ ኃይል፣ ወደ ደረጃው ለመግባት የሚወስደውን ጊዜ፣ ከዚያ ለመውጣት የሚወስደውን ጊዜና በዚያ ደረጃ ሆኖ መሥራት መቻል አለመቻሉን ይናገራል። ድራይቨሩም በበኩሉ “ይህን ያህል ሚሊ ሰከንድ ሥራ ከፈታህ ወደዚህ ደረጃ ግባ” የሚል ሌላ ሰንጠረዥ ጽፎ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ ይተኛል፤ ራሱ ይነቃል። አንዱ በሐቀኝነት ይናገራል፤ ሌላው በሒሳብ ይወስናል፤ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ማሰብ ያስቸግራል።

በ2017 በሊኑክስ 4.11 እትም አንዲ ሉቶሚርስኪ ለዚህ የጻፈው ሕግ አጭርና ግልጽ ነበር። መሣሪያው ከእንቅልፍ ወደ ንቃት በመመላለስ የሚያጠፋው ጊዜ ከጠቅላላው ከመቶ 2 እጅ እንዳይበልጥ፣ የመግቢያውና የመውጫው ጊዜ ተደምሮ በ50 ይባዛና ያን ያህል ይጠበቅ የሚል ነው። የቤት ተከራዩ ሕግ ዘመድ መሆኑን ለማስተዋል አያስቸግርም። በ2016 ገበያ ላይ የወጣ አንድ የታወቀ ሞዴል ለምሳሌ ያህል ሁለት የእንቅልፍ ደረጃዎችን ያስታውቃል። ሦስተኛው ደረጃ 0.04 ዋት ይፈጃል፤ ለመግባት 210፣ ለመውጣት 1,500 ማይክሮ ሰከንድ ይፈልጋል። አራተኛው 0.005 ዋት ይፈጃል፤ ለመግባት 2,200፣ ለመውጣት 6,000 ይፈልጋል። በሕጉ መሠረት ወደ ሦስተኛው ለመግባት 86 ሚሊ ሰከንድ፣ ወደ አራተኛው ደግሞ 410 ሚሊ ሰከንድ መጠበቅ ይገባል። የሒሳብ ሠራተኛው ዐይኑን ከመዝገቡ ላይ ሳያነሣ መሣሪያው ሁለቱንም ደረጃዎች ወርዶ ጨርሷል።

ሰንጠረዡ ግን ሁልጊዜ የሚታመን አልሆነም። ሕጉ በወጣ በወራት ውስጥ አንዳንድ መሣሪያዎች ወደ መጨረሻው ደረጃ ከወረዱ በኋላ ሲጠሩ እንደማይመልሱ፣ ከመስመሩም ጨርሰው እንደሚጠፉ ታወቀ። ይበልጥ የሚያስገርመው ጉድለቱ የመሣሪያው ብቻ አለመሆኑ ነው። አንዱ ማከማቻ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ያለ እንከን ሲሠራ፣ ያው ማከማቻ በሌላ ሞዴል ላፕቶፕ ወይም በሌላ ማዘርቦርድ ላይ ከእንቅልፉ አይነሣም። ለዚህም በድራይቨሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ልዩ ዝርዝር ተጻፈ፤ አንዱ “ይህ መሣሪያ ፈጽሞ ራሱን አያስተኛ” ሲል፣ ሌላው “ይህ መሣሪያ በዚህ ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን ከሁሉ ጥልቅ የሆነው ደረጃ ይከልከል” ይላል። ዝርዝሩን የሚያዩ አንዳንድ መሐንዲሶች የድራይቨሩን ውበት የሚያጠፋ ቆሻሻ አድርገው ይቆጥሩታል። በእርግጥ ግን ከፕሮግራሙ ሁሉ እጅግ በውድ ዋጋ የተገዛው ክፍል ይህ ነው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ሰው ሥራው መሐል ላይ ኮምፒዩተሩ ከቆመበትና ቀናት ወስዶ ምክንያቱን ከመረመረ በኋላ የተጻፈ ነውና።

ሕጉ ሌላም ጉድለት ነበረበት፤ ይህም ሐቀኛውን መቅጣቱ ነው። የመግቢያና የመውጫ ጊዜውን በጥንቃቄ አስልቶ ረዘም አድርጎ ያስታወቀ አምራች፣ በ50 ማባዛቱ ምክንያት መሣሪያው ለብዙ ጊዜ ሳይተኛ ይቆይበታል፤ በድምሩ 100 ሚሊ ሰከንድ ያለው 5 ሰከንድ ሙሉ ይጠብቃል። አሳንሶ የተናገረው ግን ቶሎ ተኝቶ በቁጠባ ፈተናው ይመሰገናል። በ2021 በ5.14 እትም ይህ ተለወጠ። አዲሱ አሠራር ማባዛቱን ትቶ ሁለት ቋሚ ጊዜዎችን አስቀመጠ፤ ድምሩ ከ15 ሚሊ ሰከንድ ለማይበልጥ ደረጃ 100 ሚሊ ሰከንድ፣ ከ100 ሚሊ ሰከንድ ለማይበልጥ ደግሞ 2 ሰከንድ መጠበቅ። በሒሳብ ውበቱ ከፊተኛው ያንሳል፤ በሥራ ላይ ግን የተሻለ ነው። ቋሚዎቹን ቁጥሮች ባለሥልጣን የሆነ ሰው ሊቀይራቸው እንዲችል ክፍት መተዋቸውም ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ መሐንዲስ ምን ይነግረዋል ቢባል፣ አንድ ነገር በተለይ ሊነሣ ይገባል። መብራት በድንገት በሚቋረጥበት ቦታ የሚሽከረከር ዲስክ የራሱ የሆነ የጭንቀት አወዳደቅ አለው። ኃይሉ ሲቋረጥ ሞተሩ በግስጋሴው ገና እየዞረ ስለሆነ ለቅጽበት እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ያገለግላል፤ ዲስኩም በዚያች ኃይል ጭንቅላቱን ወደ ማረፊያው ይወረውረዋል። ይህ መወርወር በሥርዓት ከሚደረገው ማሳረፍ የበለጠ ይጎዳል። ኮምፒዩተሩ በሥርዓት ሲዘጋ ግን ድራይቨሩ መጀመሪያ በጊዜያዊው ማህደር የቆየውን ጽሑፍ እንዲያወርድ፣ ቀጥሎም እንዲቆም ዲስኩን ያዝዛል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሥራ በሌለበት ሰዓት ዲስኩ ቆሞ መገኘቱ ከቁጠባው ሌላ ጥቅም አለው፤ ያልተጻፈ ነገር በማይኖርበት ሰዓት የቆመ ዲስክን የመብራት መጥፋት አያስደነግጠውም። ይሁን እንጂ ይህ የሚረዳው ሌሊቱን በሙሉ ማንም የማይነካው የመዝገብ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ በየደቂቃው የሚጠራውን ሰርቨር ማስተኛት ግን በ2007 የታየውን መድገም ነው።

ደረጃ የሚቀይር ባለሙያም ዲስኩ ራሱ የሚይዛቸውን መዝገቦች ሳይመለከት መጀመር የለበትም። 4ኛው መዝገብ ስንት ጊዜ ተነሥቶ እንደቆመ፣ 192ኛው ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ስንት ጊዜ ጭንቅላቱን እንደወረወረ፣ 193ኛው ስንት ጊዜ እንዳሳረፈ ይናገራሉ፤ በብዙ ዲስኮች ላይ እነዚህ ቁጥሮች ይገኛሉ። ዛሬ አንብቦ ነገ በዚሁ ሰዓት ማንበብና ልዩነቱን መጻፍ ነው። የ193ኛው ልዩነት በቀን 100 ቢሆን 300,000 ጊዜ የሚችል ዲስክ ከ8 ዓመት በላይ ይቆያል፤ ደረጃውን መንካት አያስፈልግም። በቀን 1,000 ከሆነ ግን አንድ ዓመትም አይሞላው።

በኤንቪኤምኢም ላይ ጥርጣሬ ሲኖር የመጀመሪያው እርምጃ እንቅልፉን በሙሉ መከልከል ሳይሆን፣ የሚፈቀደውን የመግቢያና የመውጫ ጊዜ ድምር ወሰን ዝቅ ማድረግ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ሞዴል ላይ ወሰኑ 5,500 ማይክሮ ሰከንድ ቢደረግ 1,710 የሚፈጀው ሦስተኛው ደረጃ ይቀራል፤ 8,200 የሚፈጀው አራተኛው ይወጣል። የሚጠፋው ቁጠባ፣ መሣሪያው ብቻውን ሲታይ፣ በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው 0.035 ዋት ነው። ባለ 50 ዋት ሰዓት ባትሪ ባለውና 6 ዋት በሚፈጀው ላፕቶፕ ላይ ይህ ሲሰላ፣ ከ8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ውስጥ ወደ 3 ደቂቃ ገደማ ይሆናል።